የድሮ የደንብ ልብስን ከብል መጠበቅ

ሳጥኑ የተከፈተው በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የነበረው የአክስቴ ቤት ሊፈርስ ዕቃ በምንጭንበት ዕለት ነው። ሳጥኑ ላይ ጥልፍ ያለበት ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር። ውስጡ የክቡር ዘበኛ ሃምሳ አለቃ የነበሩት የአያቴ ወንድም ካፖርት አለ። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ላነሣው ስል ግን ኮሌታው እጄ ላይ ቀረ። ብብቱ ወንፊት ሆኗል፤ ከእጥፋቱም አሸዋ የመሰለ ነገር ረገፈ። አክስቴ ባሉበት ተቀመጡ። «ልጄ፣ ከቀብራቸው ወዲህ እኮ ማንም እጁን እንዲያሳርፍበት አልፈቀድሁም» አሉኝ። ብልም የሚመኘው እንዲህ ያለውን ልብስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያረጀ የደንብ ልብስ ሰብሳቢ ሆኛለሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤቴ ዛሬ አሥራ አንድ አሉኝ፤ የምድር ባቡር ኮት፣ የባሕር ኃይል ሰማያዊ ሱሪ፣ ካኪዎች፣ አንድ ከኮሪያ የተመለሰ የሱፍ ጃኬት። አንዱም በእኔ እጅ አልተበላም። የምሠራበት መንገድ ይኸው።

ደረጃ 1፦ ብሉን ማወቅ

ማታ አምፖል ዙሪያ የሚሽከረከረውን በራሪ እየገደሉ ልብሴን አዳንሁ የሚሉ ሰዎች አሉ። እሱ የእሳት እራት ነው፤ ብርሃን ፈልጎ ይመጣል፣ ከልብስዎ ጋር ጉዳይ የለውም። የልብስ ብል ተቃራኒው ነው። ሳጥን ሲከፈት ከመብረር ይልቅ ሮጦ እጥፋት ውስጥ ይገባል። ርዝመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ መልኩ የደረቀ ገለባ የመሰለ ወርቅማ ነው። ቤት ውስጥ በጥላ በኩል ዝቅ ብሎ ሲንቀዋለል ካዩት ጠርጥሩ።

በራሪው ራሱ አንዲት ክር አይበላም። የሚበላው ትሉ ነው። አንዷ እንስት ከ40 እስከ 50 የሚደርሱ እንቁላሎች በክሮቹ መካከል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የሚፈለፈለው ትል ነጣ ያለ፣ ራሱ ቡናማ፣ ሲያድግ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ነው። እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊበላ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቤቶቻችን ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ትሉም ቀስ ብሎ ያድጋል። ይህ መልካም ዜና ይመስላል። ግን እዚህ ብልን የሚገድል የውርጭ ወቅት የለም፤ ከመስከረም እስከ መስከረም ሳያቋርጥ ይበላል፣ ቀስ ስለሚልም ሳይታይ ይቆያል።

ሌላም ተባይ አለ፤ ትንሽ ክብ ጥንዚዛ ነው። ትሉ ቡናማና ጸጉራም ሲሆን የገፈፈውን ቆዳ እየጣለ ይሄዳል። ያደገው ጥንዚዛ የአበባ ዱቄት ስለሚበላ ከውጭ ከሚመጣ አበባ ጋር ቤት ይገባል። በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ሳስገባ መጀመሪያ በረንዳ ላይ አራግፈዋለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ደረጃ 2፦ የትኛው ልብስ አደጋ ላይ እንዳለ መለየት

ብል የሚበላው ከእንስሳ የተገኘውን ነው፤ ሱፍ፣ ጸጉር፣ ላባ፣ ሐር፣ ከሱፍ የተዳመጠ የቆብ ጨርቅ። የአንበሳ ጎፈር ያለው የክብር ቆብ በእጁ የገባ ሰው ካለ ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ይጠብቅ። ንጹሕ ጥጥን ብል አይፈልገውም። ስለዚህ የጥጥ ካኪ ከካፖርት ይልቅ ዕድለኛ ነው፣ ግን ላብ፣ የወጥ ጠብታ ወይም ቅባት ካለበት ትሉ ቆሻሻውን ሲበላ ጨርቁንም ይቆርጣል። ኮሌታና ብብት ቀድመው የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውየው ያላበው እዚያ ነውና።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ከውስጥ ስፌት አንድ አጭር ክር ምዘዙና ከልብሱ ርቃችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል፣ የቀረውም ጥቁር ፍሬ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ስስ አመድ ይተዋል። ናይለን ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ድብልቅ ጨርቅ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ የጸጉር ሽታ ትንሽም ቢኖርበት እንደ ሱፍ ቁጠሩት።

ከኮሪያ ስለመጣው ጃኬት ልጨምር። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ዘምቶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ስለተሰለፈ ወታደሮቹ የአሜሪካን ሠራዊት ልብስ ለብሰው ነበር። የእኔው ጃኬት ትከሻ ላይ የክፍለ ጦሩ ምልክት አለ፤ በቀይ ክብ ውስጥ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው። ጃኬቱ ሱፍ፣ ምልክቱ በጥጥ ክር የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ ልብስ ላይ ብል ምልክቱን ትቶ ዙሪያውን ይበላል፤ ስለዚህ ምልክቱ ደህና መሆኑን አይታችሁ ልብሱ ደህና ነው አትበሉ።

ደረጃ 3፦ መመርመር

ነጭ አንሶላ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ልብሱን አስቀምጣችሁ የእጅ ባትሪ በጎን በኩል አብሩበት፤ ብርሃኑ በገደምዳሜ ሲያርፍ የተጋጠ ቦታ እንደ ጠባሳ ይታያል። የምታዩት ከኮሌታው ሥር፣ በብብት፣ በኪስ ውስጥና በኪስ ክዳን ሥር፣ በእጅጌው እጥፋት፣ በማዕረጉ ሥር፣ በገበሩና በሱፉ መካከል ነው። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር፣ አሸዋ የመሰለ ኩስ፣ የትል ቅርፊት፣ ቀዳዳ። ኩሱ የበላውን ጨርቅ ቀለም ይይዛል፤ ከሰማያዊ ሱሪ ሰማያዊ አሸዋ ከረገፈ ጥርጣሬ የለም።

አንሶላው ላይ የወደቀውን ሁሉ ጠርጋችሁ ጣሉ፤ በሳምንቱ ደግማችሁ ስታዩ አዲስ ኩስ ካገኛችሁ በላተኛው በሕይወት አለ። ቀዳዳው ብቻውን አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ የሃያ ዓመት ቀዳዳ አይቶ የሚደነግጥ ጀማሪ ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እጥፋቱ ውስጥ ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩት። እነዚህ ልብሶች በተለበሱበት ዘመን ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ በሰፊው ይነዛ ነበር። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ።

ደረጃ 4፦ መነጠልና መቦረሽ

የተጠረጠረው ልብስ በዚያው ሰዓት ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ይግባና ይታሰር። አዲስ የተገዛም እንደዚሁ፤ ከመርካቶ ልባሽ ተራም ይምጣ ከቸርችል ጎዳና የቅርስ ሱቅ፣ ከሌሎቹ ጋር ሳይቀላቀል ደረጃ 5ን ያልፋል። እንግዳ ቢከበርም ቀድሞ እግሩን ይታጠባል።

ቡረሻ ለስላሳ የጸጉር ብሩሽ ይፈልጋል። በረንዳ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ስፌቶቹን እየከፈታችሁ፣ ኪሱን ገልብጣችሁ ቦርሹ። እንቁላሉ ክሩ ላይ ላላ ብሎ ስለሚቀመጥ ብዙው በብሩሽ ይረግፋል። የአቧራ መሳቢያ ማሽን ያለው ሰው ጫፉ ላይ አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሮ፣ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ይሳብ፤ ስቶኪንጉ የላላ ቁልፍ ወይም ክር እንዳይዋጥ ይይዛል። የማሽኑ ከረጢት ወዲያው ከቤት ውጭ ይደፋ።

ፀሐይ ላይ ማስጣትስ? እናቶቻችን ያደርጉታል፣ ጥቅምም አለው፤ ትሉ ብርሃን ስለሚሸሽ ከልብሱ ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን በእኛ ከፍታ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ልብሱን ገልብጣችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ ወደ ጥላ።

ደረጃ 5፦ ማቀዝቀዝ

ጽሑፉን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ክፍል ብቻ ያንብብ። ያለ መርዝ፣ ያለ ሽታ፣ እንቁላሉንም ትሉንም የሚገድለው ብርድ ነው።

ሜዳሊያ፣ ኒሻንና የመስተዋት ወይም የቀለም ሥራ ያለበትን ምልክት አውልቁ። ልብሱ ደረቅ ይሁን። በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አስገቡ፣ አየሩን በእጃችሁ ጨምቃችሁ አስወጡ፣ አፉን በፕላስተር ዝጉ። ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይቆይ። ከዜሮ በታች 30 የሚደርስ ትልቅ ፍሪዘር የሚያበድራችሁ ሰው ካለ ሦስት ቀን ይበቃል። ፍሪጁ ላይ ያለችው ትንሿ የበረዶ መሥሪያ ክፍል አትበቃም፤ ውስጧ ቴርሞሜትር ብታስቀምጡ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ሁለት የአዲስ አበባ ችግሮች አሉ። አንደኛው መብራት ነው። ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ፣ ፍሪዘሩ ሙሉ ከሆነና ካልተከፈተ ብርዱን ይይዛል። ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ቴርሞሜትሩ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ግን ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። እኔ በአንድ ወቅት በአሥራ አንደኛው ቀን ከአንድ ጀምሬያለሁ፤ የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም። ክፍተቱን ውኃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ብትሞሉ በረዶው ያግዛችኋል።

ሁለተኛው ቦታ ነው። ፍሪዘር ሥጋ ይይዛል፣ የሟች ካፖርት ከዶሮ አጠገብ ይቀመጥ ሲባልም ቤተሰብ ያኮርፋል። መፍትሔው የሁዳዴ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን ውስጥ የጾመኛ ቤት ፍሪዘር ባዶ ይሆናል፤ ሦስት ዙር ሁለት ሁለት ሳምንት ያስኬዳል፣ ከፋሲካ በፊትም ይለቀቃል። ከዝናቡ ቀድሞ ስለሚያልቅ ጊዜውም ጥሩ ነው።

ስታወጡት ላስቲኩን አትክፈቱ። አንድ ሙሉ ቀን፣ 24 ሰዓት፣ በቤቱ ሙቀት ይቀመጥ። ቀድማችሁ ከከፈታችሁት የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ሱፍ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ቁልፉ ይዝጋል፣ ሻጋታም ይከተላል። በላስቲኩ ከተጠበቀ ጤዛው ውጭ ያርፋል። ከዚያ ተከፍቶ አንድ ጊዜ ይቦረሽ፤ የሞቱት ይረግፋሉ።

ብርድ የነበረውን ይገድላል እንጂ ለነገ ዋስትና አይሰጥም። ያ ልብስ ያንኑ ቀን ወደ ተበከለው ሳጥን ቢመለስ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ደረጃ 6፦ ንጽሕና

ሱፍን ቤት ውስጥ አትጠቡ። ይሸበሸባል፣ ገበሩና ላዩ በተለያየ መጠን ያጥራሉ። የላውንደሪ ደረቅ እጥበት ብልን በየደረጃው ይገድላል፣ የብልን ምግብ የሆነውን ላብም ያወጣል። ነገር ግን ለማን እንደምትሰጡ እወቁ። አንድ ጊዜ የምድር ባቡሩን ኮት ሳላስጠነቅቅ ሰጥቼ፣ ገበሩ ላይ በቀለም ተጽፎ የነበረው የባለቤቱ የሥራ ቁጥር ጠፍቶ መለሱልኝ። ኮቱ ንጹሕ ነው። ታሪኩ ግን አብሮ ታጥቧል። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ያለበትንና ክሩ የሳሳውን ልብስ በብሩሽና በብርድ ብቻ እይዛለሁ።

የነሐስ ቁልፍን ልብሱ ላይ እንዳለ በብራሶ አትፈትጉ፤ ፈሳሹ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ነጭ ቀለበት ይተዋል። ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ደረጃ 7፦ ማስቀመጥ

አቡጀዲ መርካቶ በሜትር ይሸጣል። ሁለት ጊዜ ያለ ማለስለሻ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ሙጫው ካልለቀቀ ለራሱም ለልብሱም አይበጅም። ለመጠቅለያ የምጠቀመው እሱን ነው። ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል፣ ወረቀቱም አሲድ አለው፤ ከልብስ ጋር አይኑር።

ካፖርትና ብረት የበዛበት ኮት ሲሰቀል በትከሻው በኩል ይቀደዳል፤ ተጋድሞ ይቀመጥ። በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ የአቡጀዲ ጥቅል አስገቡ፣ እጥፋቱ እንዳይሰበር። ቀለል ያለውን መስቀል ይቻላል፤ ማንጠልጠያው ግን በጥጥ ወፍሮ በጨርቅ የተሸፈነ ይሁን።

ሳጥኑ ክዳኑ ግጥም የሚል ፕላስቲክ ቢሆን እመርጣለሁ። ሥሩ ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ወይም 2 የተጻፈበትን ውሰዱ፤ 3 የተጻፈበት ጊዜ ሲሄድ ጨርቅ የሚጎዳ ጋዝ ይለቅቃል። የጥድ ሳጥን አያቶቻችን የወደዱት ስለ ሽታው ነው፤ ሽታው ብልን ጥቂት ቢያስቸግርም ያደገ ትል አይገድልም፣ እንጨቱም ስንጥቅ አለው። የቤተሰብ ሳጥን ከሆነና መጣል ካልፈለጋችሁ፣ እኔም አልፈለግሁም፣ የፕላስቲኩን ሳጥን ውስጡ አስቀምጡ።

በክረምት እርጥበት ዋና ጉዳይ ነው። ሳጥኑ ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ ከወለሉ ከፍ ይበል፤ ጭቃ ቤት ከሆነ ይበልጥ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አትጣሉ፣ ሰብስባችሁ ከሳጥኑ ጥግ አኑሩ።

ናፍታሊንን በተመለከተ

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ናፍታሊን የሚገድለው አየር በማያስወጣ ሳጥን ውስጥ ትነቱ ሲጠራቀም ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ፍሬ መጣል ሰዉን ያስነጥሳል፣ ብሉን አያስጨንቀውም። የተጠራቀመው ትነት ደግሞ ለሰውም ጉዳት አለው፤ በተለይ በዘር የሚተላለፍ የቀይ የደም ሴል እክል ላለባቸው ሕፃናት በጣም አደገኛ ነው። ፍሬው ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ይውጡታል። አንዳንድ የፕላስቲክ ቁልፎችንም ያለሰልሳል፣ ሽታው ከሱፍ ለመውጣት ዓመታት ይፈጃል። ቤቴ አይገባም።

አሪቲና ጠጅ ሳር መልካም ይሸታሉ። በጨርቅ ከረጢት አድርጎ ማስቀመጥ ክፋት የለውም፣ ጥበቃ ነው ብሎ መተማመን ግን ስህተት ነው። ፍሊት ልብስ ላይ አይነፋ፤ ቅባቱ ይታተማል።

ደረጃ 8፦ ቤቱን ማየት

ልብሱን አድናችሁ ምንጩን ከተዋችሁ ብሉ ይመለሳል። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ አትጠርጥሯቸው። የመንዝ ባና፣ በርኖስ፣ የበግ አጎዛ፣ የሱፍ ምንጣፍ፣ ከአልጋ ሥር የተረሳ የሹራብ ክር ግን ሁሉም ማዕድ ናቸው። አሮጌ ቤት የሚኖር ሰው ኮርኒሱን ያስፈትሽ፤ ከቆርቆሮው ሥር እርግብ ከጎጆው ላባ ይጥላል፣ አይጥም ሞቶ ይደርቃል፣ ብልም እዚያ ተራብቶ ወደ ታች ይወርዳል። የአክስቴ ቤት ሲፈርስ ከሳጥኑ በላይ ካለው ኮርኒስ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ላባ ወጥቷል።

ደረጃ 9፦ በየሦስት ወሩ መክፈት

መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢት፣ ሰኔ። አሥራ አንዱን ልብስ ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃኛል። እያንዳንዱ ወጥቶ ይራገፋል፣ በባትሪ ይታያል፣ ይቦረሻል፣ በአዲስ መስመር ይታጠፋል። ለእያንዳንዱ በእርሳስ የተጻፈ ካርድ አለው፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደቀዘቀዘ፣ የነበሩት ቀዳዳዎች ቁጥርና ቦታ። ቀዳዳ ቆጥራችሁ ካልጻፋችሁ በሚቀጥለው ጊዜ አዲሱን ከአሮጌው አትለዩትም። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ሊፈስ ይችላል።

የሃምሳ አለቃው ካፖርት አሁን ቁጥር 1 ሳጥን ውስጥ ነው፣ ኮሌታው ለብቻው በአቡጀዲ ከረጢት። ካርዱ ላይ ብብቱ ላይ ብቻ 34 ቀዳዳ ተጽፏል፤ ቁጥሩ አልጨመረም። ባለፈው መጋቢት አክስቴ ሲመጡ ብሩሹን ከእጄ ተቀብለው ኮሌታውን ራሳቸው ቦረሹት፣ ሲጨርሱም ቀኑን ካርዱ ላይ አስጻፉኝ።